ዝም የሚል የመፍቻ ሣጥን

አባባ የመፍቻ ሣጥን በደንብ መታሰሩን የሚያውቁት በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነው። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ሣጥኑ ከተንኳኳ አልታሰረም ማለት ነው፤ ዝም ካለ ታስሯል። «ሣጥን እያወራ ሞተር እንዴት ይሰማል?» ይላሉ። መጀመሪያ የነገሩኝ ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። አሁን ግን እኔም እንደሳቸው ሆኛለሁ። የሰው መኪና በደጃችን ሲያልፍ ውስጡ የሚንኳኳ ብረት ከሰማሁ፣ የሾፌሩን ጠባይ ጨርሼ ያወቅሁት ይመስለኛል።

ስለ ሣጥኑ ለመናገር ከተሳቢዋ መጀመር አለብኝ። ደብረ ብርሃን ከሚገኘው ቤታችን ጓሮ፣ ከኩበቱ ክምር አጠገብ፣ በጎማ ላይ የቆመች ትንሽ ቤት አለች። ቤት ስል እውነቴን ነው። በር አላት፣ መስኮት አላት፣ ውስጧ አልጋ ተሠርቶባታል፣ ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነው። ከሥሯ ያለው ብረት ግን ጣሊያን ጥሎት የሄደ የወታደር ተሳቢ ነው፤ አባባ ከአንድ አናጢ ጋር ሆነው ሳንቃውን ከላዩ ገጥመው ቤት አደረጓት። አባባ ሾፌር ናቸው። የፈንጣጣ ክትባት የሚሰጠውን ድሬሰር በጂፕ እየጫኑ በየአጥቢያው ያዞሩታል። ማደሪያ በማይገኝበት ቦታ ድሬሰሩ የሚያድረው በተሳቢዋ ውስጥ ነው። ጎረቤቶቻችን ሲያዩዋት «ዛሬ ደግሞ ቤታችሁ የት ልትሄድ ነው?» ይሉናል።

ሣጥኑ ወደ እኔ የመጣው አባባ የቅርብ ነገር ማየት እየከበዳቸው ስለሄደ ነው። ሩቁን ያያሉ፤ በመንገድ ማዶ የቆመ በግ ጆሮው የተቆረጠ መሆኑን ይነግሯችኋል። የብሎን ጥርስ ግን አይታያቸውም። መነጽር አይወዱም። አንድ ቀን ጓሮ ተቀምጬ ሳጠና ጠሩኝና «ነይ እስኪ ልጄ፣ ይሄ ፍሬ የትኛው መፍቻ ይገባዋል?» አሉኝ። ገመትኩላቸው፤ ገባ። ሌላም ሰጡኝ፤ እሱም ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፌን ይዤ ጓሮ ስቀመጥ የሚጠሩኝን ድምፅ እጠብቅ ጀመር።

ሣጥኑ አረንጓዴ የተቀባ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ድሮ ጥይት ይቀመጥበት ነበር ይላሉ። በኛ አገር ብርድ ጠዋት ብረት በባዶ እጅ ሲነካ ይነክሳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ በአሮጌ የሱፍ ባና ቁራጭ እንጠቀልለዋለን። ባናው እጅ ያድናል፣ ዝገት ይከለክላል፣ ሣጥኑንም ዝም ያሰኘዋል። መፍቻዎቹ ከታች ይተኛሉ። ካቻቪቴውና ፒንሳው በጎን ይቆማሉ። መዶሻው እጀታው ተቆርጦ አጥሯል፤ አለዚያ ክዳኑ አይገጥምም። ሽቦ ተጠቅልሎ በመዶሻው አንገት ላይ ይጠለቃል። ለጎማ የምንለጥፈው ቁራጭ ላስቲክና ማስቲሹ በአንድ ከረጢት ናቸው። ጥግ ላይ፣ ከፖምፓው አጠገብ፣ ሞራ ያለባት ትንሽ ጣሳ ትቀመጣለች።

ሞራው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የእጅ ፖምፓ ሆዱ ውስጥ ክብ ቆዳ አለ። አየሩን ወደ ጎማው የሚገፋው ያ ቆዳ ነው። ቆዳው ከደረቀ ይጨማደዳል፣ አየሩም በጎኑ አምልጦ ይመለሳል፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢነፋ ጎማው አይሞላም። ሞራ ሲቀባ ግን ይለሰልስና ግጥም ይላል።

አባባ ስለ አያያዝ አጥብቀው የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ «እጅሽ የማያውቀውን አትያዢ።» ከደብረ ሲና በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሙሉ ጋራዥ ተሸክመው የቆሙ ሾፌሮች አይተዋል። ሁሉን ይዘው የትኛው የት እንዳለ አያውቁም። እኔን ያለማመዱኝ ዓይኔን አስጨፍነው ነው። ክዳኑን ይከፍታሉ፣ «ፒንሳ» ይላሉ፣ እጄን እሰዳለሁ። ከተሳሳትኩ ዝም ይላሉ፤ ካገኘሁት ሌላ ይጠይቃሉ። እጄ ቦታውን እስኪለምድ ድረስ እንዲህ ሆነ። ከመንገድ በፊት ጠዋት፣ ሁሉ ነገር ከተጫነ በኋላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሣጥኑን በእጅ ማየት የኔ ሥራ ሆነ።

እማዬ ይህን ሁሉ ስታይ ዝም አላለችም። «ልጅቱ እጇ ግራሶ ግራሶ እየሸተተ ማን ያገባታል?» ትላለች።

አባባም «ግራሶ የሚወድ ሰው ይፈለጋል» ይሏታል።

የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ክርክሩ ጠና። አባባ ድሬሰሩን ይዘው ወደ አንኮበር ሊሄዱ ነው። ልሂድ ብዬ ለመንኩ። እማዬ በዕረፍቴ ቤት ተቀምጬ ጥጥ እንድፈትል ነበር የፈለገችው። በመጨረሻ አባባ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፤ «ትሂድ። ሣጥኑ የእሷ ነው። መንገድ ላይ ከሰው አንድ ነገር ከለመንን ግን ሣጥኑ ወደኔ ይመለሳል፤ እሷም ከዚያ ወዲያ በየዕረፍቱ እዚህ ትቀመጣለች።» እማዬ ወዲያው ተስማማች። ጥጡንም አላነሳችውም፤ እዚያው ከእንዝርቱ ጋር አስቀመጠችው። መለመናችን እንደማይቀር እርግጠኛ ነበረች ማለት ነው።

አባባ ይህን ያሉት ለኩራት አልነበረም። አንድ ጊዜ ሲያስረዱኝ፣ በመንገድ ላይ ያለ ሰው የያዘው ለራሱ መንገድ ነው አሉኝ። አንቺ ከወሰድሽበት እሱ ከፊቱ ለሚጠብቀው ነገር ባዶ እጁን ይሄዳል። ሲሰጥሽ ደስ ብሎት ይሰጣል፣ የሚጎድልበት ግን ካንቺ ከተለየ በኋላ ነው፤ አታይውም። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

አንኮበርን ለማየት የጓጓሁበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። እማዬ የተወለደችው እዚያ ነው። ለጋብቻ ወደ ደብረ ብርሃን ከመጣች ወዲህ ብዙም አልተመለሰችም፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይይዛታል፤ ልጅ፣ ክረምት፣ በግ መውለጃ። አፏ ግን አንኮበርን አይተውም። ደመናው ከእግርሽ በታች ነው ትለኛለች። ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽሮ እየነፋች፣ ቀና ሳትል፣ «ከምንጩ በላይ አንዲት የኮሶ ዛፍ ነበረች» አለችኝ። «ልጆች ሆነን ውሃ ስንቀዳ እንስራችንን እሷ ላይ አስደግፈን እናርፍ ነበር። አለች ወይስ ቆርጠዋታል? እይልኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ልብስ አምጪ፣ እሳት ጫሪ ነው የምትለኝ። አያለሁ አልኳት።

ሊነጋጋ ሲል ጂፑን መጫን ጀመርን። ሣጥኑ የሚጫነው ከኋላ መቀመጫ፣ ከእግሬ ሥር ነው፤ ተሳቢዋ አንድ ነገር ብትሆን እንኳ ሣጥኑ ከኛ መለየት የለበትም። እማዬ ስንቁን ራሷ ልትጭን ወጣች። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የሽሮ ከረጢት፤ ጾም ነውና ሁሉም የጾም ነው። ተመልሳ ስትገባ ፊቷ ቅጭም ብሏል፤ እጇን ታጠበች። እኔ ምንም አልጠረጠርኩም። ከዚያ ቅቤ የያዘች ቅል አውርዳ «ተቀመጪ» አለችኝ።

«በጾም ቅቤ?»

«ጸጉርሽ ቅቤውን ይበላዋል እንዴ? የአንኮበር ነፋስ ጭንቅላትሽን ይሰነጥቀዋል። ደግሞ እህቴ ፊት በደረቅ ጸጉር አልልክሽም።»

ቅቤ መቀባት አልወድም። ትምህርት ቤት የከተማዎቹ ልጆች አፍንጫቸውን ይይዙብኛል። ቤት ውስጥ ግን እማዬን ማን ያሸንፋል? አናቴ ላይ አንድ ጉብታ ለጋ ቅቤ ጫነችና ሻሽ አሰረችብኝ። በመሃል አባባ ከውጭ «ሣጥኑን አይተሽዋል?» ብለው ሲጣሩ፣ ጭንቅላቴ በእማዬ ጉልበቶች መሃል ተይዞ «ማታ አይቼዋለሁ» አልኩ። ማታ አይቼው ነበር፤ ሙሉ ነበር።

ከከተማው ስንወጣ ገብሱ ታጭዶ ያለቀበት ሜዳ በውርጭ ነጥቷል። ድሬሰሩ ከአባባ ጎን ተቀምጦ በጋቢው ተሸፋፍኗል። ወጣት ነው፤ ገጠር ሲገባ ሰዉ ሁሉ ዶክተር ስለሚለው አባባም ለጨዋታ ዶክተር ይሉታል። እኔን እሱ «እሜቴ» ነው የሚለኝ። ኮረኮንቹ እንደ ጀመረ ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር ቅ፣ ቅ ማለት ጀመረ።

«ሣጥንሽ እያወራ ነው» አሉ አባባ።

«የዶክተር ጠርሙሶች ይሆናሉ» አልኩ።

«የኔ ጠርሙሶች ጨዋ ናቸው እሜቴ፤ በጥጥ ነው የተኙት» አለ ድሬሰሩ።

አባባ አልሳቁም። እኔም እግሬን ክዳኑ ላይ ጫን አደረግሁት። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስንቁ ከላዩ ስለተጫነ ለመክፈት መቆም አለብን፤ አቁሙልኝ ማለት ደግሞ ሳልጠየቅ ጉድለት ማመን መሰለኝ።

ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ከፍ እያለ ሲሄድ ዛፍ ያልቃል። የጓሳ ሣርና ድንጋይ፣ አልፎ አልፎ የጅብራ ተክል፣ ከዚያ ሰማይ ብቻ ነው። ነፋሱ መኪናውን ይገፋል። ፀሐይ ወጥታ ብርዱን ትንሽ ሰበር እንዳደረገችው ከኋላችን ድው የሚል ድምፅ መጣ፤ ተሳቢዋ ወደ አንድ ጎን አዘነበለች። አባባ ቀስ ብለው አቆሙ። ስንወርድ የግራ ጎማዋ መሬት ላይ ተዘርግታለች። የተሳቢዋ ጎማ ከጂፑ ያንሳል፣ ትርፍ ጎማው አይሆናትም፤ ያለን ምርጫ አውልቆ መለጠፍ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ለዚህ ነው የተዘጋጀሁት። ለደህናው ጎማ ታኮ አደረግሁ፣ ክሪኩን አወጣሁ፤ ስንቁን አንሥቼ ሣጥኑን ከፈትኩና አባባ የጠየቁኝን ሁሉ ዓይኔን ሳልጥል ሰጠሁ። መፍቻ፤ ይኸው። የጎማ ማውለቂያ ብረት፤ ይኸው። ድሬሰሩ ጋቢውን ለብሶ ቁጢጥ ብሎ ያያል። «ጋሼ፣ እኔ መርፌ ስጠይቅ እንዲህ የሚያቀብለኝ ሰው ቢኖር አገሩን ሁሉ ከትቤ በጨረስኩ» አለ። ቀዳዳውን አገኘነው፤ አንድ ስለታም ድንጋይ ነው የበላው። ለጠፍን፣ ገጠምን። ፖምፓውን ያዝኩና መንፋት ጀመርኩ።

እጀታው ከላይ እስከ ታች እንደ ባዶ ነገር ወረደ። አየሩ «እፍ» ብሎ ወደኔው ይመለሳል። ጥቂት ታግዬ ላብ በላብ ሆንኩ። አባባ ፖምፓውን ተቀበሉኝና ራሱን ፈትተው ቆዳውን አወጡ። እንደ ደረቀ የባቄላ ቅርፊት ተጠቅልሏል። እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ።

«ሞራ።»

እጄን ወደ ጥጉ ሰደድኩ። ባናው አለ። በባናው ውስጥ ምንም የለም። ጎኑ ያለው መፍቻ ወደ ባዶው ቦታ ተንሸራቷል፤ ሲያወራ የመጣው እሱ ነበር።

አባባ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቆዩ። እኔም ዓይኔን ከፍቼ ሣጥኑን በሙሉ አየሁት፤ ያኔ የእማዬ ቅጭም ያለ ፊት፣ የታጠበ እጇ ትዝ አለኝ።

«አባባ፣ እማዬ አውጥታዋለች።»

«ምኑን?»

«ሞራውን። ከስንቁ ሥር ሲሸታት ሣጥኑን ከፍታ ነው። ጾም ነዋ።»

አባባ መጀመሪያ ወደ ሰማይ ቀጥሎ ወደ ተሳቢዋ አዩ። ድሬሰሩ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። «በቃ ጋሼ፣ ፖምፓውም ይጹም። እስከ ፋሲካ እዚሁ እንሰነብታለን።»

«ዝም በል አንተ።»

«የሞተር ዘይት አይሆንም?»

«ቆዳ የእንስሳ ነው። የሚወደውም የእንስሳውን ነው። በሞተር ዘይት ስንት ቆዳ በስብሶብኛል።»

«እሺ፣ እኔ የዓይን ቅባት አለኝ።»

«የሰው ዓይን መድኃኒት ጎማ ውስጥ ልጨምር?» አሉ አባባ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ያን ሰዓት የተሰማኝን ለመጻፍ ብዙ ሞክሬአለሁ። ፊት ለፊቴ መንገዱ ይታየኛል፤ ከኮረብታው ኋላ አንኮበር አለ፣ ምንጩ አለ፣ የኮሶዋ ዛፍ ምናልባት አለች። ከኋላዬ ደግሞ ጥጡና እንዝርቱ ይታዩኛል። በእማዬ እንኳ መናደድ አልቻልኩም። ለእሷ የጾም ስንቅ አጠገብ ሞራ አይቀመጥም፣ ይኸው ነው፤ ይህን ቀድሜ ማሰብ የነበረብኝ የሣጥኑ ባለቤት እኔ ነኝ።

በዚህ መሃል ከአንኮበር በኩል አንድ ሽማግሌ በቅሎዎች እየነዱ መጡ። ከአልዩ አምባ የሚመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ጥጥና በርበሬ ጭነው ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ ይወጣሉ። አባባ በመንገድ ያውቋቸዋል፤ እጅ ነሥተው ተሳሳሙ። ሰውየው የተዘረጋችውን ጎማ፣ የተፈታውን ፖምፓ፣ የኔን ፊት አዩ።

«ምን ጎደለ?»

«ለቆዳው የምንቀባው ሞራ» አለ ድሬሰሩ፤ ከኛ ቀድሞ።

«እሱ ነው እንዴ?» ሽማግሌው ከኮርቻቸው ሥር ካለ ከረጢት በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የእንቁላል የምታክል ሞራ ናት። «ውሰዱ። ወላሂ ከሷ የሚበልጥ ቢኖረኝ እሰጣችሁ ነበር።»

አባባ ሞራዋን አዩ፤ እጃቸውን ግን አላነሡም። «ሣጥኑ የእሷ ነው። እሷን ጠይቋት» አሉ።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ወደኔ ዞረው «እንግዲህ ውሰጂ ልጄ» አሉኝ።

«አባቴ፣ እርስዎ ለምን ይይዙታል?»

«ለጠፍር ነዋ። የጭነቱ ጠፍር ሲደርቅ ይበጠሳል። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከተበጠሰ ጭነቱም በቅሎዋም ገደል ነው። ግን አላህ ያውቃል፣ ደብረ ብርሃን ሌላ አገኛለሁ።»

በዐቢይ ጾም ደብረ ብርሃን ላይ ሞራ መፈለግ ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ፤ ሉካንዳው ሁሉ ተዘግቷል። ወይ ጉድ፣ አልኩ በልቤ። አባባ ከሰው አትውሰጂ ሲሉ የነገሩኝ ነገር እስከዚያን ጊዜ ድረስ ወሬ ነበር። አሁን ግን ቁልቁለቱን አየሁት፣ በቅሎዋን አየኋት። ደግሞም ከወሰድኩ ሣጥኑን አጣለሁ። የትኛው ይበልጥ እጄን እንደያዘው ዛሬም አላውቅም፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

ላቤ በግንባሬ ወርዶ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ በእጄ ጠረግሁት። እጄ ተንሸራተተ። ደግሜ አንገቴን ነካሁ፤ አንገቴም ሙልጭልጭ ይላል። ስነፋ የቆየሁበት ሙቀትና ፀሐዩ ተደማምረው የእማዬን ቅቤ አቅልጠውታል።

ሻሼን ፈታሁ። መሃል አናቴ ላይ ያለው ገና አልቀለጠም ነበር። በጣቴ ዝቄ ለአባባ ዘረጋሁላቸው።

ሽማግሌው ናቸው መጀመሪያ የሳቁት፤ ፂማቸው ተንቀጠቀጠ። «ሱብሃነላህ! ሞራውን ያወጣች እናት ቅቤውን አናቷ ላይ ጫነችላት?» ድሬሰሩ የእማዬን ነገር ሹክ ብሏቸው ነበር። ሞራቸውን በቅጠሉ መልሰው ጠቀለሉና ከኮርቻው ሥር ከተቱ። እጃቸው ወደ ከረጢቱ ሲመለስ ሳይ ደስታ ተሰማኝ፤ ከጎማው በላይ እሱ ነው ደስ ያሰኘኝ።

አባባ ቆዳውን በጣታቸው መሃል እያሹ ቅቤውን አጠጡት። ቀስ በቀስ ተዘረጋ፣ ለሰለሰ፣ ጠቆረ። ፖምፓውን ገጠሙት። እጀታውን ስጫን እንቢ አለኝ፤ እንደዚያ እንቢ ሲለኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በነፋሁ ቁጥር አየሩ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ተሳቢዋ ቀስ ብላ ቀና አለች። ለሽማግሌው ዳቦ ቆሎ ዘግነን ሰጠናቸው፤ እሳቸውም ከፊታችን ጉም እንዳለ ነግረውን በቅሎዎቻቸውን ነድተው ሄዱ።

መንገድ እንደ ጀመርን ድሬሰሩ ፍርድ ቤት ከፈተ።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቅቤው የማን ነው?»

«የእሷ ጸጉር ላይ ነው ያለው» አሉ አባባ።

«ያለው ጸጉሯ ላይ ነው፤ የማን ነው ግን? የእመቤቲቱ ቅቤ ነው። እመቤቲቱ ለጸጉር ሰጡ እንጂ ለጎማ አልሰጡም። ስለዚህ ከሰው ወስደናል።»

«እናቴ ሰው አይደለችም» አልኩ ከኋላ።

«ይህን ቃልሽን ለእሳቸው እነግራለሁ።»

አባባ መሪውን እንደያዙ ፈገግ አሉ። ከዚያ ረጋ ብለው «ሣጥኑ ጎድሎ ነበር» አሉ። «ጠዋት በእጅሽ ብታይው ኖሮ ታውቂው ነበር። ሳንለምን ደግሞ አልፈናል። እኔ አልፈርድም። ባለ ቅቤዋ ትፍረድ።»

ያን ስሰማ ሣጥኑ የሄደ መሰለኝ። እማዬ ከመጀመሪያው ቤት እንድቀመጥ የፈለገች ናት።

አንኮበር ስንደርስ ጉም ነበር። ቤቶቹ ብቅ እያሉ ይጠፋሉ። አባባ ተሳቢዋን በሜዳ ቦታ ላይ አቁመው ታኮ አደረጉላት፤ ድሬሰሩ ገብቶ ጠርሙሶቹን መቁጠር ጀመረ። አክስቴ መጥታ ሳመችኝና ጸጉሬን ዳብሳ «ቅቤሽ ምነው ከመሃል ተበላ?» አለችኝ። ታሪኩን ስነግራት ምንጩ ድረስ እየሳቀች ወሰደችኝ።

የኮሶዋ ዛፍ አለች። አሮጊት ሆናለች፣ ወደ ገደሉ አዘንብላለች፣ አለች ግን። ግንዷ ላይ፣ ወገቤ በሚደርስበት ቦታ፣ ቅርፊቷ ተልጦ የለሰለሰ ሰፊ ቦታ አለ። የእንስራ ቦታ ነው፤ ስንት ልጆች እንስራቸውን አስደግፈውባት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እጄን እዚያ ላይ አሳረፍኩ። እማዬ በኔ ዕድሜ እዚህ ቆማ ትንፋሿን ሰብስባለች። እማዬን በዚያ ዕድሜ አስቤአት አላውቅም ነበር። ከዛፏ በታች ጉሙ ሲገለጥ ደመናው ከእግሬ ሥር ተኝቷል። ስታወራ የኖረችው ሁሉ እውነት ነበር።

ወደ ቤት የተመለስን ቀን እማዬ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ድሬሰሩ ገና ሳይወርድ ክሱን አቀረበ፤ ሞራውን፣ ፖምፓውን፣ ጸጉሬን፣ «እናቴ ሰው አይደለችም» ያልኩትን ጭምር። እማዬ እሱን አልሰማችውም። እኔን ነው የምታየው።

«አለች?»

«አለች። እንስራ የምታስደግፉበት ቦታ ለስልሷል። እጄን አድርጌበት መጣሁ።»

እጄን ያዘችና አገላብጣ አየችው፤ ጥፍሮቼ ሥር ግራሶ አለ። ከዚያ ወደ ቤት ገባች። አባባ ትከሻቸውን ነቀነቁ። እኔም ሣጥኑን ከጂፑ አውርጄ ከፊታቸው አስቀመጥኩት፤ የሚወስዱት ከሆነ ይውሰዱት ብዬ።

እማዬ ተመልሳ ስትወጣ የሞራዋን ጣሳ ይዛለች። ከባና ቁራጭ ትንሽ ከረጢት ሰፍታላታለች፤ ማንጠልጠያ ገመድም አላት። ስፌቱ የዚያን ቀን አይደለም። ከሄድን በኋላ ጣሳዋን እያየች ስታስብ ሰንብታለች ማለት ነው። «ከስንቁ ጋር አይደለም» አለችኝ። «ከውጭ፣ ተሳቢዋ ላይ ትንጠልጠል። ጾሙ እስኪፈታ እዚያ ነው ቦታዋ።» ከዚያ ወደ አባባ ዞራ «በጠዋት ጭንቅላቷን ይዤ ሣጥኗን እንዳታይ ያደረግኋት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ቀድማ ታያለች፤ ቅቤው ከዚያ በኋላ ነው» አለች።

ፍርዱ ይኸው ነበር። ጥጡን የፈተለችው ራሷ ናት።

የፋሲካ ሰሞን ድሬሰሩ እንደገና ወደ አንኮበር የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ጾሙ ስለተፈታ ጣሳዋ ከከረጢቷ ወጥታ ወደ ጥጓ ተመለሰች፤ መልሳ ያስቀመጠቻት እማዬ ናት፣ በሁለት ጣቷ ይዛ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ሣጥኑን በእጄ አየሁት፤ ሙሉ ነበር። ከዚያ ተቀምጬ ቅቤዬን ተቀባሁ፣ አንድ ቃል ሳልናገር።

ጂፑ ውስጥ ስገባ ከኋላ መቀመጫ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች፤ እግሮቿን ከሣጥኑ ጎን ሰብስባለች። ማንም እንድትመጣ አልጠየቃትም፤ ማንም ለምን መጣሽ አላላትም። አባባ በመስተዋቱ አዩአትና ሞተሩን አስነሡ። ኮረኮንቹ ላይ ስንወጣ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ሣጥኑ ዝም ብሏል። ስታወራ የነበረችው እማዬ ናት፤ አንኮበር እስክንደርስ ድረስ አላቆመችም።